ሃያ ሰባተኛው ቦታ

ሁልጊዜ ጠዋት የሱቋን በር እንደከፈተች መጀመሪያ የምታደርገው የቁልፍ ሰሌዳውን ገልብጣ ጀርባውን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መምታት ነው። የትናንት የዳቦ ፍርፋሪ፣ የላጲስ ብናኝ፣ አንዳንዴም የባለጉዳይ ፀጉር ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። እሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ማተሚያውን ታበራና አንድ ባዶ ወረቀት ታሳልፍበታለች። ወረቀቱ እንደገባ ነጭ ሆኖ ከወጣ ሥራ ይጀመራል። ጥቁር መስመር ካለበት ግን በሩ ላይ ሰው ቢሰለፍም እስኪጠራ ድረስ ማንንም አታስተናግድም።

ሱቋ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት ሰባት የጽሕፈት ሱቆች አራተኛዋ ናት። ከጥበቷ የተነሳ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ግራና ቀኝ ግድግዳዋን ይነካል። ጎረቤቶቿ በሁለት ጣት እየለቀሙ ሲጽፉ እሷ በአሥሩም ስለምትጽፍ ሰፈሩ «እትዬ አሥር ጣት» ብሎ ሰይሟት ቀርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ጽፋለች፤ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ሪባን በሚበላው የብረት የጽሕፈት መኪና፣ የቀሩትን በኮምፒውተር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም፤ ቀልድ አትወድም። የምትኮራው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእሷ ሱቅ የወጣ ወረቀት ስህተት ተገኘበት ተብሎ ተመልሶ አይመጣም።

የማይመለሰውም በዕድል አይደለም። የጻፈችውን ሁሉ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ ወደ መጀመሪያው ታነበዋለች። ከፊት ወደ ኋላ ሲያነቡት ሐሳቡ ዓይንን ይዞት ይሄዳል፣ ዓይንም መኖር ያለበትን እንዳለ ቆጥሮ ያልፋል ባይ ናት። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ማስመሪያ ታስቀምጣለች፤ የሰው ስም ባገኘች ቁጥር በብጫቂ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ታሰምራለች። ስሙ አሥራ አራት ቦታ መግባት ካለበት ጭረቱም አሥራ አራት መሆን አለበት። አሥራ ሦስት ከሆነ ባለጉዳዩ ቢለምንም ቢሳደብም ወረቀቱ ከጠረጴዛዋ አይነሳም።

አንድ ጊዜ ለጥቂት ተርፋለች። የአንድ ሽያጭ ውል ገዢ በመጨረሻው ሰዓት ተለወጠና ስሙን አሥራ ዘጠኝ ቦታ መቀየር ነበረባት፤ አሥራ ስምንቱን ቀይራ አንዱን ዘለለች። ያቺን አንድ ያገኘችው በማስመሪያዋ ነው፤ ሆኖም ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በዚያው ሰሞን ማተሚያዋን ሊጠግን የመጣው ሰው ይህን ሰምቶ ሳቀባት።

«እትዬ፣ በዚህ ዘመን ስም እየለቀምሽ ትቀይሪያለሽ? አንድ ቦታ ጻፊው። ሌላው ቦታ ሁሉ ከእሱ ይቅዳ። እሱን ስትለውጪ ሁሉም ይለወጣል።»

ቁጭ ብሎ አሳያት። አንዴ ከገባት በኋላ ለዘዴው የራሷን መጠሪያ አወጣችለት። መጀመሪያ የሚጻፈውን ቃል «እናቲቱ» አለችው፤ ከእሱ የሚቀዱትን «ልጆቿ»። ጠጋኙ ሲወጣ ከበሩ ተመልሶ አንድ ነገር አከለ፦

«ሳጥን ውስጥ ያስገባሽውን ብቻ አትርሺ። መስመር ከበሽ ለብቻው ያስቀመጥሽው ጽሑፍ ከሌላው ጋር አብሮ አይሰማም። እሱን ለብቻው ገብተሽ ማዘዝ አለብሽ።»

አልረሳችም። መርሳት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር።

ከደንበኞቿ አንዱ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ የሚኖር ጡረታ የወጣ ጣውላ ነጋዴ ነበር። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ከከዳው ቆይቷል፤ ምላሱ ግን እንደ መጋዝ እንደተሳለ ነው። ሁለት ልጆች አሉት። ታላቋ ሴት ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ሥራዋን ትታ ከአባቷ ጋር በዚያው ፎቅ ቤት ትኖራለች፤ ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ታናሹ ወንድ ነው። በከተማው ሌላ ጫፍ የራሱ ቤትና ቤተሰብ አለው፤ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል።

ሽማግሌው ያለው ሀብት ያ ቤት ብቻ ነው። በኑዛዜው ላይ ቤቱን የሚወርሰው ልጅ ስም ሃያ ሰባት ቦታ ይገባል። ሃያ ስድስቱ በአንቀጾቹ ውስጥ ናቸው። ሃያ ሰባተኛው በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ በወፍራም መስመር በተከበበ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑን ያዘዘው እሱ ራሱ ነው። «የመጨረሻው ቃሌ በሳጥን ይሁን፤ ሰርተፊኬት ይምሰል» ብሎ ነበር።

በፊት ኑዛዜውን የሚለውጠው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነበር። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እሱም በዚያ መሐል ይሰለቸዋል፣ ይራባል፣ አንዳንዴም ተኝቶ ሐሳቡን ይተወዋል። ታላቋ ልጅ በዚህ ላይ ተማምና ትኖር ነበር። ቁጣው ፈጣን፣ ወረቀቱ ግን ዘገምተኛ ነበር።

ይህን ያበላሸችው እትዬ አሥር ጣት ናት። አንድ ሐሙስ ላፕቶፗንና ትንሿን ማተሚያ ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ኩራት አሸነፋት።

«አባባ፣ ዛሬ ቶሎ ነው የሚያልቀው። አዲስ ዘዴ ተምሬያለሁ።»

በወቅቱ ወራሽ ሆኖ የሰፈረው ወንዱ ነበር። እናቲቱን በእህቱ ስም ለወጠቻት፤ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ሃያ ስድስቱ ባንዴ ተገለበጡ። ሳጥኑን ለብቻው ነካችው፤ ሃያ ሰባት ሆነ። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«እስቲ መልሺው።»

መለሰችው።

«ደግሞ ለውጪው።»

ለወጠችው። ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«እኔ ሁለት ወልጄ አንዱም አይሰማኝ! የአንቺዎቹ ሃያ ሰባት ሆነው በአንድ ቁልፍ ቀጥ ይላሉ። አሥር ጣት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ትመጫለሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። በየሐሙሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃውን ትወጣለች። ታላቋ ልጅ አልጋው ግርጌ፣ ስክሪኑ በሚታያት በኩል እንድትቆም ትታዘዛለች። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል።

«ነይ እስቲ፣ ቁሚ እዚህ» አለ አንድ ሐሙስ። «ትናንት ሾርባውን ስታመጪ ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም አባዬ።»

«ተነፈስሽ።»

«ደረጃ ወጥቼ እኮ ነው።»

«አሥር ጣት፣ ሰማሽ? ደረጃ ወጥታ ነው የተነፈሰችው። ደረጃው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አባባ።»

«የእኔ። ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ የወንድሟ። ለውጪ።»

ስሟ ከስክሪኑ ላይ ሲጠፋ ታላቋ ልጅ ዓይኗን አልሰበረችም። አዲሱ ታትሞ፣ ምስክሮች ተጠርተው፣ ከተፈረመ በኋላ አሮጌውን ለእሷ ሰጣት። ይህም ሥርዓቱ ነበር፦ የተሻረውን ኑዛዜ አራት ቦታ ቀዳ ቅርጫት ውስጥ የምትጥለው እሷ ናት። የእሷ ስም ያለበትም ይሁን የወንድሟ፣ የምትቀደው እሷው ናት።

«ቀጥ አድርገሽ ቅደጂው እንጂ» አላት። «ዕድልሽ እንኳ ሲቀደድ ጠማማ ነው።»

ወንድሟ ነገሩን በጨዋታ ነበር የያዘው። እሑድ ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ፣ «ዛሬ አከራዬ ነሽ ወይስ ተከራዬ?» ይላታል። የሚያጣው ነገር የለውምና ሊስቅ ይችላል። እሷ ግን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የምታውቀው ሥራ ዛሬ በዚያ መልኩ የለም፤ ቤቱ ከሌለ የምትሄድበት የላትም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፤ በተለይ አባትየው ያውቃል።

አንድ ቀን ጸሐፊዋን እስከ ደረጃው ሥር ሸኘቻት።

«እትዬ፣ አልጽፍም ቢሉትስ?»

«እኔ አልጽፍም ብል ጎረቤቴ ይጽፈዋል። እሱ ደግሞ ይሳሳታል።»

«ለእኔ ምን ለውጥ አለው? ሐሙስ በመጣ ቁጥር ነፍሴ ከሥጋዬ ትለያለች።»

እትዬ አሥር ጣት የላፕቶፑን ቦርሳ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «አይዞሽ፣ እሱም ይሰለቸዋል» አለች። ልቧ ግን እንደማይሰለቸው ያውቀዋል። ለማንም የማትነግረው ሌላም ነገር ነበር፦ ሃያ ስድስቱ ስሞች ባንዴ ሲገለበጡ በየሐሙሱ ደስ ይላት ነበር። አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይሳሳት። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ስሙን አርባ ጊዜ ለውጣለች፤ አርባውንም ጊዜ ጭረቱ ሃያ ሰባት ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ሳንባው ታሞ አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ወንድ ልጁ አንድም ቀን አልጠየቀውም፤ ከከተማ ውጪ ነኝ አለ። ታላቋ ልጅ በወንበር ላይ እየተኛች አስታመመችው። ወደ ቤት በተመለሰ ማግስት ጸሐፊዋ ተጠራች። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ገና ሳትጽፍ ሦስት ምስክሮች ተሰብስበው አገኘቻቸው፦ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ፣ ባለሱቁ፣ መርፌ ልትወጋው የመጣችው ነርስ። ሽማግሌው ድምፁ ሰልሏል። ታላቋ ልጅ እንደ ልማዷ ግርጌ ልትቆም ስትል እጁን አነሳ።

«አትቁሚ። ተቀመጪ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የእሷን አድርጊው፣ አሥር ጣት። ወንድሟ ነው ያለው አይደል? የእሷን አድርጊው። ይህ የመጨረሻዬ ነው።»

«ስንተኛው መጨረሻ ነው አባዬ?» አለች ታላቋ ልጅ።

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ቤቱን ያሳጣት ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። እትዬ አሥር ጣትን ያስደነገጣት ይህ ዝምታ ነው። ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ቁጣው ዘግይቶ ቢመጣ እንጂ አይቀርም። አሁን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር፣ መፈረም አለበት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወረቀቱ ሳይሆን ለሰው ቸኮለች።

እናቲቱን ለወጠች። ቁልፉን ተጫነች። ስሞቹ ተገለበጡ። አተመች። ዘጠኙ ገጾች አንድ በአንድ ሲወጡ በልማድ ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ማሽኑ ራሱ ይለውጠዋል ስትይኝ አልነበር?» አለ ሽማግሌው፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር። «ማስመሪያው ደግሞ ለምንድነው? እስከ ነገ ልትቆጥሪ ነው?»

«እትዬ፣ ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» አለ ባለሱቁ።

የተገለጠው ዓይን ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ከንፈሩ ሊናገር ሲንቀሳቀስ እትዬ አሥር ጣት አየች። ማስመሪያውን መለሰችና ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጋ እስክሪብቶ አስጨበጠችው። ፈረመ። ምስክሮቹ ፈረሙ። ታላቋ ልጅ የወንድሟን ስም የያዘውን አሮጌ ኑዛዜ አራት ቦታ ቀደደችው። በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌው ሞተ።

ኑዛዜው በፍርድ ቤት ሲከፈት ዳኛዋ ስምንቱን ገጾች በዝምታ አነበበች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ወደ ስምንተኛው ተመለሰች፤ እንደገና ወደ ዘጠነኛው ሄደች። በአንቀጾቹ ሃያ ስድስት ቦታ የሴቷ ስም አለ። ከፊርማው በላይ፣ በወፍራም መስመር በተከበበው ሳጥን ውስጥ፣ «የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው፣ ቤቴን የሚወርሰው» ከሚለው ቀጥሎ የወንዱ ስም ነበር።

ሞኝ አይደለምና ወንድምየው ሳቁን ትቶ በማግስቱ ጠበቃ ያዘ።

እትዬ አሥር ጣት ለምስክርነት ስትጠራ ምን ብላ እንደምትናገር ታውቅ ነበር። ሌሊቱን ስትለማመደው አድራለች። ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «ሳጥኑን ለብቻው መንካት ነበረብኝ፤ ቸኩዬ ረሳሁት። ሟቹ ያዘዙት የሴት ልጃቸውን ስም ነው።» ጎረቤቶቿ ጸሐፊዎች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የገነባችው ስም በሦስት ዓረፍተ ነገር ፈረሰ፤ እሷ ግን ዋጋው ቤቱን ካተረፈ ይሁን ብላ ነበር።

የወንድምየው ጠበቃ ተነሳ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ትሑት ነበር።

«ይህን ስም ስንት ጊዜ ለውጠውታል?»

«ያን ዕለት?»

«አዲሱን ዘዴ ከጀመሩ ወዲህ።»

መዋሸት ትችል ነበር። አሥር ወይም አምስት ብትል ማንም አይቆጥርባትም፤ አሮጌዎቹ ሁሉ ተቀደዋል። ግን ቁጥር ስትጠየቅ ትክክለኛውን ከመናገር ሌላ አታውቅም።

«አርባ አንድ ጊዜ።»

ከኋላ ወንበር ሰው ሳቀ። ጠበቃው ቀጠለ።

«ለመሆኑ የሚለወጠው በምን ምክንያት ነበር?»

«አንዴ በሾርባ። አንዴ በር ጮክ ብሎ ስለተዘጋ። የሌላው ምክንያት… በልባቸው ነበር።»

«አርባ አንድ ጊዜ ሐሳቡን የቀየረ ሰው፣ በመጨረሻው ቃሉ ሳጥን ውስጥ ሌላ ስም ተጽፎ ሳለ አይቶ ፈርሟል። ስህተት ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት። እሱ ፈርሟል።»

ልብስ ሰፊውም፣ ባለሱቁም፣ ነርሷም ሟቹ «የእሷን አድርጊው» ማለቱን መሰከሩ። ጠበቃው ሁሉንም ያንኑ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ ሟቹ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት «የእሱን አድርጊው» ሲል አልሰሙም ነበር? ልብስ ሰፊው ሰምቷል። ባለሱቁም ሰምቷል።

ዳኛዋ በሦስተኛው ሳምንት ወሰነች። ኑዛዜው እርስ በርሱ ስለሚቃረንና የሟቹ ፈቃድ ጸንቶ የቆየ መሆኑ ስላልታየ አይጸናም፤ የቀድሞዎቹም ተሽረዋል፤ ቤቱ የሁለቱ ልጆች እኩል ነው፤ በዓይነት መከፋፈል ስለማይቻል፣ አንዱም የሌላውን ድርሻ መግዛት ካልቻለ በጨረታ ይሸጥ። ወንድምየው የእህቱን ድርሻ ለመግዛት ፈቃደኛ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ከምን አምጥታ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ አሥር ጣት ታላቋን ልጅ ተከትላ ደረሰችባት።

«እህቴ፣ ላግዝሽ ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

ታላቋ ልጅ ዞረች። ፊቷ ያን ሁሉ ሐሙስ አልጋው ግርጌ ስትቆም እንደነበረው ነው።

«አባቴን ለማስደሰት አርባ ጊዜ አልተሳሳትሽም» አለች፤ እርስዎ ማለቱን ትታ ነበር። «ለእኔ አንዴ ልትደርሺልኝ ስትይ፣ ያኔ ተሳሳትሽ።»

«እውነቱን ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ተናገርሽ፤ አርባ አንድ አልሽ። ማን ቁጠሪ አለሽ?»

ደረጃውን ወርዳ ሄደች። እትዬ አሥር ጣት ወደ ሱቋ ተመለሰች። ሦስተኛው ሱቅ በር ላይ የቆመው ጸሐፊ ለባለጉዳዩ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እሷ ጋ አይሂዱ፤ ቤት ታፈርሳለች» አለው። ባለጉዳዩም ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ጣት መባሏ ቀረ፤ ሰፈሩ «እትዬ ሳጥን» ይላታል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ላይ ወንድምየው ቆመ። የብርቱካን ከረጢት ይዟል።

«የጨረታ ማስታወቂያ አጽፍ ተብያለሁ። ከነአባሪው።»

«ስድስት ሌላ ሱቅ አለ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ያንቺ ውለታ አለብኝ» አለና ብርቱካኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «ደግሞ አንቺ ከእንግዲህ አትሳሳቺም። አንዴ የተቃጠለ ድጋሚ እሳት ይነካል?»

ልታስወጣው አፏን ከፈተች። ከዚያ ስታስበው፣ በዚያ ሳምንት ደጃፏን የረገጠ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩን አሳየችው። የቤቱን አድራሻ አንድ ቦታ ጻፈች፤ የቀሩት ስድስቱ ቦታዎች ተከተሉ። ሳጥን አላስገባችም። አትማ፣ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አንብባ፣ ሰባት ጭረት ቆጥራ ሰጠችው። ስህተት አልነበረበትም።

ማስታወቂያው ሰኞ ጠዋት በፍርድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ጨረታው ከዚያ በኋላ በሠላሳኛው ቀን ነው፤ ታላቋ ልጅ ዕቃዋን አውጥታ ቁልፉን እንድታስረክብ የተሰጣት ጊዜ ከእሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያበቃል።